ለውበት ሲባል የተዛወረው ዋንዛ

እኔ ፈሪ ነኝ። ኋላ ስትደርሱበት እንዳትታዘቡኝ ከወዲሁ ልናገር። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ብሩሽ ይዤ፣ ማንም ሳይደርስብኝ ያልበኛል። ሠዓሊነትን የመረጥኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ሾፌር ይገለበጣል፣ ነጋዴ ይከስራል፣ ዳኛ ይረገማል። ሠዓሊን ግን ማን ምን ይለዋል? ሸራ አይናከስ፣ ቀለም አይካሰስ! እንዲህ ብዬ ነበር የገባሁበት።

የምኖረው ቢቸና ነው። የሥዕል ቤቴ ቀድሞ የጤፍ መጋዘን ነበር፤ አይጦቹ ተከራይ መለወጡን ስላልሰሙ እስከ ዛሬ አልወጡም። ጤፉ ሲጠፋባቸው ለሸራ የምቀባውን ኮላ መላስ ለመዱ። እንጀራዬን የማገኘው ማስታወቂያ በመጻፍ ነው፤ «የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ»፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ልቤ ያለው ግን የዘይት ቀለም ላይ ነው። የዘይት ቀለም ለማታውቁት፣ ትዕግሥትን ለመፈተን የተፈጠረ ነገር ነው። ሳምንት ሙሉ ጠብቃችሁት፣ በቃ ደረቀ ብላችሁ ጣታችሁን ስታሳርፉበት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ብሩሹ የሚታጠበው አኳራጅ በሚባል ቀለም ማቅጠኛ ነው፤ ሽታው እስከ ጎረቤት ይሄዳል። አከራዬ እትዬ ጥሩሰው «ልጄ፣ አንድ ቀን ክብሪት ስጭር አብረን እንዳናርግ» ይሉኛል። ይህን ካሉኝ ወዲህ በሰፈሩ ክብሪት በተጫረ ቁጥር ጣሪያውን ቀና ብዬ አያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሐጂ ይማም ከሞጣ የመጡ ዕለት ነው። ሐጂ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ሞጣ ነግደው ሞጣ ያረፉ። ያን ቀን በሬ ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቱና እንዲህ አሉኝ፦

«የእንግዳ ማረፊያ ሠርቻለሁ። መግቢያው ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ሥዕል እፈልጋለሁ።»

«ምን ይሁንልዎ ሐጂ?»

«ነፍስ ያለው ነገር አይኑርበት። ሰው አይኑር፣ በሬ አይኑር፣ ወፍም ብትሆን አትኑር። አገር ብቻ ይሁን። መሬት፣ ሰማይ፣ አንድ ዛፍ። ሰው ደክሞት ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት።»

በደስታ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። የሰው መልክ መሣል እኮ መከራ ነው። አንዱ «አፍንጫዬን አሳደግኸው» ይላል፤ አንዷ «ይህቺ እኔ ሳልሆን እህቴ ናት» ትላለች። ዛፍ ግን እስከ ዛሬ «ቅርንጫፌን አሳጠርከው» ብሎ በሬን ያንኳኳ የለም። ዛፍ ምን ጣጣ ያመጣል? አልኩ በልቤ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለካ ለበሬ ብቻ አይደለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር የማየው አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ከዋንዛው በስተግራ ያለው ማሳ ጤፍ ነው፤ ቢጫ ሆኗል። በስተቀኝ ያለው ሽምብራ ነው፤ ገና አረንጓዴ። ዋንዛው ቢጫውና አረንጓዴው የሚገናኙበት ወሰን ላይ ቆሟል። ከማሳዎቹ ራስጌ በየበኩላቸው ሁለት ቤቶች አሉ። ሰማዩ ደግሞ፣ የጥቅምት ሰማይ ታውቁታላችሁ፣ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው።

ባለሦስት እግሩን የሥዕል ማቆሚያዬን መንገዱ ዳር ተከልኩ። እርሳሴን በተዘረጋ ክንዴ ይዤ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የዛፉን ቁመት መለካት ጀመርኩ። የሙያው ደንብ ነው፤ ማንም ሠዓሊ ያደርገዋል። ለካስ ከሩቅ ለሚያይ ገበሬ፣ ባለሦስት እግር ነገር አጠገብ ቆሞ አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሠዓሊ አይደለም። መሬት ቀያሽ ነው።

መጀመሪያ አንድ ፉጨት ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ ፉጨት መለሰለት። ከዚያ ከጤፉ መሃል አንድ ዱላ ብቅ አለ፤ ከዱላው ሥር ሰው ነበረበት። ቁመቱ እንደ በር፣ ትከሻው እንደ በር መዝጊያ። ከኋላው ሦስት፣ ከሦስቱ ኋላ ደግሞ አምስት ሰው።

«ምንድን ነው የምትለካው?» አለኝ ባለዱላው።

«ዛ... ዛፉን።»

«ለምን?»

«ሞጣ ሊወሰድ ነው» አልኩ። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያናግረው። ሥዕሉ ሞጣ ይወሰዳል ማለቴ ነበር።

ሰውዬው ዱላውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘው። «ዋንዛችንን? ማነው የሚወስደው?»

«ሐጂ ይማም ናቸው፤ መግቢያቸው ላይ ሊሰቅሉት ነው» አልኩ። ይኼኛው ደግሞ ከፊተኛው ባሰ። አንዱ ከኋላ «ይህን የሚያህል ዛፍ? በምን ይሰቅሉታል?» ሲል ሰማሁ። መናገር እንደማያዋጣኝ ሲገባኝ ንድፉን አዙሬ አሳየኋቸው። ባለዱላው ጎንበስ ብሎ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ዛፉን ተመለከተና ፊቱ ፈታ አለ።

«ሥዕል ነው እንዴ! ታዲያ እንደሱ አትልም?»

አያ ታረቀኝ ይባላል፤ የጤፉ ባለቤት ነው። ሰዎቹን በትኖ ሲመለስ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «በደንብ አድርገህ ሣለው። ያ ዋንዛ አባቴ የተከለው ነው» አለኝ። ትከሻዬ ለሁለት ቀን ተሰማኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በሽምብራው በኩል ሌላ ሰው መጣ። አያ ሙላት ነው፤ የሽምብራው ባለቤት። እሱ እንኳ ዱላ አልያዘም፤ አንድ ጉያ የሽምብራ እሸት ነው የያዘልኝ። ንድፉን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «በደንብ አድርገህ ሣለው። ያ ዋንዛ አባቴ የተከለው ነው» አለኝ።

እኔ እሸቱን እየፈለፈልኩ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ወንድማማቾች ናቸው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ሥራ ነው። ሸራውን ወጠርኩ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት፣ ጠበቅኩት። ባዶ ሸራም እፈራለሁ፤ እንደ ነፍስ አባት ዝም ብሎ እያየኝ ያናዝዘኛል። ስለዚህ ቶሎ ብዬ በከሰል ነደፍኩበት፤ ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ጥላ ጥላውን ያዝኩ። የዘይት ቀለም ከስሱ ወደ ወፍራሙ ነው የሚኬደው። ሰማዩን ሦስት ቀን ሠራሁ። ጤፉን በትንሽ ብሩሽ፣ አንዳንዴም በጣቴ ጫፍ፣ ነፋስ እንደነካው አድርጌ አስተኛሁት። ዋንዛውን በመጨረሻ፣ በወፍራም ቀለም ተከልኩት። እንዲህ ስሠራ ምሳ እረሳለሁ፤ አንድ ቀን ሻይ መስሎኝ የብሩሽ ማጠቢያውን አንስቼ ከንፈሬ ላይ አድርሼዋለሁ።

ከዚያ ወደ በሩ አፈግፍጌ ከሩቅ አየሁት። አልወደድኩትም። ዋንዛው መሃል ለመሃል ቆሞ ሸራውን እንደ ዳቦ ለሁለት ገምሶታል። የሥዕል አስተማሪዬ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «መሃል ላይ ምሰሶ የሚተከለው ለድንኳን ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ዛፉን በጨርቅ ጠረግኩና አራት ጣት ያህል ወደ ቀኝ፣ ወደ ሽምብራው አዛወርኩት። አራት ጣት ብቻ! የማሳዎቹን ወሰን አልነካሁም፤ ዋንዛው ሽምብራው ውስጥ ገባ፣ ቢጫው ጤፍም ወዲያው ተነፈሰ። ሥዕሉ ነፍስ ዘራ።

እጅ አንዴ ከተፈታ ደግሞ አይመለስም። በሽምብራው ራስጌ ያለው ቤት የቆርቆሮ ክዳኑ እያብለጨለጨ ዓይን ይወጋል፤ ሣር ክዳን አደረግኩት። በጤፉ ራስጌ፣ ከአያ ታረቀኝ ቤት ጎን፣ አንድ ሰማያዊ ሽንት ቤት አለ፤ አጠፋሁት። የመብራት ምሰሶም ነበር፤ ነቀልኩት። ምድርን እንዲህ እንደ ልቤ ሳዝዛት የመጀመሪያዬ ነበር። ምንም አልፈራሁም። በሕይወቴ ሳልፈራ የዋልኩት ያችን አንድ ቀን ነው፤ ያችኑም ተቀጣሁባት።

ሥዕሉ ቶሎ እንዲደርቅልኝ ብዬ በሬ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። የገበያ ቀን መሆኑን ዘንግቼዋለሁ። ሰው ከበበው። አንዱ «ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል» ይላል፣ አንዷ «ደመናው ካለ ዝናቡ የት አለ?» ትላለች። እኔም የምስጋና ፊት ለብሼ ቆሜ ሳለሁ ከሰው ሁሉ በላይ አንድ ዱላ አየሁ። አያ ታረቀኝ ነበር። ፈገግ ብሎ መጣ። ሥዕሉን አየ። ፈገግታው እንደ መብራት ጠፋ። አንድም ቃል ሳይናገር፣ በጣቱ ከጤፉ ጠርዝ እስከ ዋንዛው በአየር ላይ ለካ። አንዴ አየኝ። ዞሮ ሄደ።

ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! ዝም ያለ ሰው እንዴት እንደሚያስፈራ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አያ ሙላት እየተጣደፈ መጣ። ወሬው ደርሶታል። ሥዕሉን አየና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ተመስገን! እውነትን የሚያይ ዓይን ተገኘ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳው፤ አራተኛውን እኔን ከጎኑ አቁሞ ተነሳ። ለምን እንደምነሳ ሳላውቅ ሳቅኩለት። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ እጸጸትበታለሁ።

ሁሉን ያስረዱኝ እትዬ ጥሩሰው ናቸው። ሰው ሲበተን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን ነካህ? የዚያን ዋንዛ ጠብ አታውቅም?» አሉኝ። ሁለቱ ሰዎች ወንድማማች ሊሆኑ ቀርቶ ሰላምታ ከተለዋወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው። የአንዱ የመሬት ደብተር «በምሥራቅ በኩል ዋንዛው» ይላል፤ የሌላው «በምዕራብ በኩል ዋንዛው» ይላል። ዋንዛው የማን እንደሆነ ግን አንዱም ደብተር አይልም። እንጨቱ ለበርም ለሳጥንም የሚፈለግ ነው፤ ማንም ደፍሮ አልቆረጠውም። ሚስትና ርስት በሚያጋድሉበት አገር ቁጭ ብዬ፣ በአራት ጣት ቀለም ርስት አሻግሬያለሁ ማለት ነው።

ደጃፉ ላይ ቁጭ ስል የቀለም ሰሌዳዬ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከቀበሌው ወረቀት መጣልኝ። ማኅተም አለው። ማኅተም ያለው ወረቀት ስቀበል እጄ እንደሚርድ ያመጣው ሰውዬ ስለማያውቅ ቅዝቃዜ መሰለውና «ጋቢ ደርብ» አለኝ። ወረቀቱ በፊታችን ሐሙስ ዋንዛው ሥር በሚደረገው ሽምግልና ላይ በምስክርነት እንድቀርብ ያዝዛል። ከታች «ከነሰነድህ» ይላል። ሰነድ የተባለው ሥዕሌ ነው። የቀባሁት ነገር ሰነድ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ኮርቼ በሞትኩ።

ጀግና ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ሥዕሉን ተሸክሜ ወደ ሞጣ ሸሸሁ። ለሐጂ አስረክቤ፣ ከእጄ ወጥቷል ብዬ ልገላገል ነው። ግን ያልደረቀ የዘይት ሥዕል ይዛችሁ ሚኒባስ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ስፋቱ የመስኮት መዝጊያ ያህላል። ረዳቱ «ይህ ዕቃ ነው ወይስ ሰው? ጣሪያ ላይ ይውጣ» አለ። እንደ ልጅ ታቅፌው ገባሁ። በግራዬ ነጭ ጋቢ፣ በቀኜ ነጭ ነጠላ። ቀለሙ እንዳይነካቸው ወደ ራሴ አዙሬ ያዝኩት፤ በየጉድጓዱ በዘለልን ቁጥር ሸሚዜ ላይ ጤፍ ታጨደ። ይህም ባልከፋ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ይህ የነታረቀኝ ዋንዛ አይደል እንዴ? ምነው ወደ ሙላት ተሻገረ?» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስተዋቱ አየኝ። ሞጣ እስክንደርስ አገሩ ሁሉ ፈርዶብኝ አበቃ፤ ግማሹ ለታረቀኝ፣ ግማሹ ለሙላት። ለእኔ የፈረደ አልነበረም።

ሐጂ ይማም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እንደ ወደዱት ዓይናቸው ይናገራል።

«ግሩም ነው» አሉ። «ግን አልቀበልህም።»

«ምነው ሐጂ?»

«ሰው ደክሞት ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት አልኩህ እንጂ ጠብ ያለበት መሬት አልኩህ? እንግዳዬን በሰው ወሰን ላይ አላሳድርም። ጤፍ የምገዛው ከታረቀኝ ነው፤ ሙላትንም አውቀዋለሁ። ሐሙስ አብረን እንሄዳለን።»

«ሆዴን ያመኛል ሐጂ» አልኩ። ውሸቴን አልነበረም፤ ያን ጊዜ በእውነት ጀምሮኝ ነበር።

«ሚኒባሱ ውስጥ ይሻልሃል» አሉኝ።

ሐሙስ ዋንዛው ሥር ሰው እንደ ሠርግ ተሰብስቧል። ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት የኔታ ዘለቀ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የጉንዳን እርምጃ የሚሰማ። በግራ አያ ታረቀኝ ከነዘመዶቹ፣ በቀኝ አያ ሙላት ከነዘመዶቹ ቆመዋል። እኔና ሥዕሉ መሃል ነን። እውነተኛው ዋንዛ በላዬ ላይ ነው። ቀና ብዬ ሳየው ልቤ ይበልጥ ወረደ፤ ግንዱ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ወሰኑ ላይ ነው ያለው። አንድ ስንዝር እንኳ ወዲያም ወዲህም ያላለ ዛፍ ነው።

«ሠዓሊ ነህ አሉኝ» አሉ የኔታ።

«አ... አዎ የኔታ።»

«በእኛ ቤት ሰአሊ ለነ ሲባል ለምኚልን ማለት ነው። አንተ ስትሥል እኛ መለመን ያዝን።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጥርሴ በሌላ ሥራ ተይዟል፣ ይንገጫገጫል።

የኔታ ወደ ቀኝ ዞሩ። «ሙላት፣ ይህ ሥዕል ምስክሬ ነው ትላለህ?»

«አዎን የኔታ! ሰውዬው ዘመዴ አይደለም፣ ጉቦ አልሰጠሁትም። ያየውን ነው የሣለው።»

እሸቱ ትዝ አለኝ።

«ሥዕሉ እንዳለ እውነት ነው ትላለህ?»

«ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው!»

«እንግዲያው የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ቤትህን አሳየኝ።»

አያ ሙላት ጣቱን ቀስሮ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። ይህን ሁሉ ቀን ዋንዛውን ብቻ ነበር ሲያይ የሰነበተው። ጣቱ ወደ ቤቱ ሲወጣ አየሁት፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቆርቆሮዬስ?» ሲል ሰማሁ።

ሚስቱ ሰውን እየገፋች ወደፊት መጣች። «ሣር ቤት! እኔ ነኝ ሣር ቤት ውስጥ ያለሁት? ያንን ቆርቆሮ ለማልበስ ስንት ዓመት ነው ቅቤ ሳልቀባ የኖርኩት?»

አያ ታረቀኝ በሳቅ ፈነዳ። ዘመዶቹም ተከተሉት። እየሳቀም የራሱን ቤት ለማየት ጎንበስ አለ፤ ሳቁም እዚያው ላይ ቆመ። «እኔስ ሽንት ቤቴ የት አለ? ሞዴል ገበሬ የተባልኩበት ሽንት ቤት!»

ሰባት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ኋላ ስል የዋንዛው ግንድ ያዘኝ። ወደ ሰማይ ልወጣም አሰብኩ፤ ዛፍ መውጣት አልችልም።

«ተናገር ልጄ» አሉ የኔታ። «ለምን እንዲህ አደረግህ? ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ለውበት ብዬ ነው» አልኩ። ድምፄ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም።

«ዛፍ ለውበት ብሎ ከሥሩ ተነስቶ ይሄዳል?»

«በሥዕል... ይሄዳል የኔታ። መሃል ላይ ሲሆን ያስጠላል። ቆርቆሮው ዓይን ወጋኝ፣ የሽንት ቤቱ ሰማያዊነት ከሰማዩ ጋር ተጣላብኝ። የመብራት ምሰሶም ነቅያለሁ። ደመናውም በዕለቱ አልነበረም።» አንዴ መናዘዝ ከጀመርኩ ማን ይመልሰኝ? «አድማሱ ላይ ያለውን ተራራም ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ» አልኩ።

የኔታ በጣም በረጋ ድምፅ፣ «ሙላት፣ ምረጥ» አሉ። «ሥዕሉ እውነት ከሆነ ዋንዛው ያንተ ነው፤ ቤትህም ሣር ነው፣ ቆርቆሮ አልሠራሁም ብለህ ፈርም። ሥዕሉ ውሸት ከሆነ ቆርቆሮህ ይኖራል፤ ዋንዛውም ባለበት ይቆማል።»

አያ ሙላት ሚስቱን አየ። ሚስቱ እሱን አየችው። ከዚያ በላይ ሽማግሌ አላስፈለገም። «ውሸት ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ፍርዱም በዚያው ተቆረጠ። ዋንዛው ወሰኑ ላይ ያለ ስለሆነ የሁለቱም ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አንዲት ቅርንጫፍ አይነካም። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ትንፋሼን ሳወጣ አያ ታረቀኝ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «አይበቃኝም። የዚህ ሰውዬ ሥዕል በስልክ አገር ምድሩን ዞሯል። ዛፉን አሁን፣ ዓይናችን እያየ፣ ወደ ቦታው ይመልስ።»

ቀለሜን ዘረጋሁ። ዋንዛውን በጨርቅ ስጠርገው ገና እርጥብ ነበርና እንደ ቅቤ ለቀቀ። እንዴት እንደሣልኩ አትጠይቁኝ። አያ ታረቀኝ በግራ ትከሻዬ፣ አያ ሙላት በቀኝ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳሉ። አንዱ የጤፍ አገዳ፣ ሌላው ክር ይዞ ከሸራው ዳር እስከ ግንዱ ይለካል። «ወደዚህ ትንሽ።» «የለም፣ በዛ፣ መልስ!» ላቤ ሰማዩ ላይ ጠብ አለ፤ ዘይትና ውሃ ስለማይስማሙ እንጂ ዝናብ በሆነ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም ለክተው ዝም አሉ። ዋንዛው መሃል ለመሃል ቆመ።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ብሎ አየ።

«አስጠላ» አለ አያ ታረቀኝ።

«እውነቱን ነው» አለ አያ ሙላት። «ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ምሰሶ መሰለ እኮ።»

«ፊት ያምር ነበር።»

ይህን ሲባባሉ እርስ በርሳቸው መሆኑን ሁለቱም ዘግይተው ነው ያወቁት። ዘመዶቻቸው አጉረመረሙ። ሐጂ ይማም ቀስ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የኔታም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እንግዲህ በምድር ያለው በምድር ይርጋ፤ በሸራ ያለው ሠዓሊው ወዳኖረበት ይመለስ። ግን ከሥሩ ይጻፍበት» አሉ።

ሦስተኛ ጊዜ ሣልኩት። ከታች ጠርዙ ላይ የኔታ እንደነገሩኝ ጻፍኩ፦ «ይህ ዋንዛ ለውበት ሲባል በሥዕሉ ላይ ተዛውሯል፤ በምድር ላይ ግን ባለበት ነው።» ሽማግሌዎቹ አውራ ጣታቸውን ቡናማ ቀለም አስነክተው አንድ በአንድ አተሙበት። አያ ታረቀኝና አያ ሙላትም አተሙ። ሐጂ «በምንም አልለውጠውም» ብለው ሥዕሉን ራሳቸው አነሱት። ዛሬ መግቢያቸው ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳው ሁሉ ዛፉን ትቶ የጣት አሻራዎቹን ሲቆጥር ይቆያል ይሉኛል።

ብሩሾቼን እየሰበሰብኩ ሳለሁ በላዬ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና አልኩ። አያ ታረቀኝ ነው፤ ከነዱላው። እንግዲህ የግሉን ፍርድ ሊሰጠኝ ነው ብዬ ራሴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«አንተ ልጅ» አለኝ።

«አቤት!»

«እኔ እዚህ ዛፍ ሥር ነው ያደግኩት።» ድምፁ ቀስ ብሏል፤ ዓይኑ ሐጂ የያዙት ሥዕል ላይ ነው። «የእኔ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። እንዲህ ማማሩን አላየሁትም ነበር።»

እጄን ከራሴ ላይ አወረድኩ። በሥራዬ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የተናገረኝ ሰው የለም፤ እንባዬ መጣ። እንባዬን ሳልጠርገው ግን ከሽምብራው በኩል አያ ሙላት ቀስ ብሎ ዞረ።

«የማን መሆኑን?» አለ።

አያ ታረቀኝ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። የኔታ «ኧረ በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ። ሐጂ ሥዕሉን፣ እኔ ማቆሚያውን እንደያዝን ወደ መንገዱ አቀናን። ሮጥን አልላችሁም፤ ሐጂ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሚኒባስ ስንይዝ ግን አንድ ጫማቸው ብቻ ነበር እግራቸው ላይ የቀረው። ሌላኛው ጫማ በማን መሬት ላይ እንደወደቀ አላየሁም። ነገ ተጠርቼ ብጠየቅም አላየሁም።